ፕሮባዮቲክም ስም ከነአያት ይጠየቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ናችሁ ወይ። ጋዜጣችሁ እኔ እጅ የሚገባው ባለቤቴ ስፖርቱን ጨርሶ ልጆቹ ደግሞ መስቀለኛ ቃላቱን ሞልተው ከለቀቁት በኋላ ነው፣ ያም ሆኖ የጤና ገጹን ዘልዬው አላውቅም። ሰሞኑን ስለ ፕሮባዮቲክ፣ ለጤና ይጠቅማል ተብሎ ስለሚወሰደው ሕያው ባክቴሪያ፣ ያወጣችሁትን ሁለቴ አነበብኩት። ደስ ይላል፣ አጻጻፉም ቀለል ያለ ነው፣ አብዛኛውም ልክ ነው። ግን ሁለት ቦታ ላይ ያዝ አደረገኝ። አንደኛው "ስትገዙ ላክቶባሲለስ ያለበትን ምረጡ" ብሎ ዝም ይላል፣ የትኛውን ላክቶባሲለስ? ሁለተኛው ደግሞ "በኢንፍራሬድ ጨረር የባክቴሪያውን ዘረመል ማንበብ ተችሏል" ይላል፣ ይሄ እንኳን አልተቻለም። እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኬሚስትሪ ላብ ቴክኒሻን ነኝ፣ በዚህ ጨረር ከሚሠራው ማሽን ጋር ከአስር ዓመት በላይ ስነታረክ ኖሬያለሁ፣ እና አይቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ከራሴ ልጀምር። ዓምና ትንሹ ልጄ ጆሮውን አሞት አንቲባዮቲክ ታዘዘለት፣ ጆሮው ዳነ ሆዱ ተበላሸ። ፋርማሲ ሄጄ ፕሮባዮቲክ አምጣ ስለው አንድ ፓኬት ሳሼ አወጣልኝ፣ ዋጋውን አልነግራችሁም ባለቤቴ ያነባል። ገልብጬ ጀርባውን ሳየው "ላክቶባሲለስ" ይላል፣ ከዛ ቢሊዮን ምናምን የሚል ቁጥር፣ አለቀ። "ወንድሜ ይሄ የትኛው ላክቶባሲለስ ነው?" አልኩት። "እህቴ ሁሉም ያው ነው፣ ጥሩ ባክቴሪያ ነው" አለኝ። አልፈርድበትም፣ እሱም ያነበበው እኔ ያነበብኩትን ካርቶን ነው።

ግን እስቲ አስቡት፣ ቀበሌ ሄዳችሁ ፎርም ላይ "ከበደ" ብላችሁ ብቻ ሞልታችሁ ብትሰጡ ምን ትባላላችሁ? ስም ከነአያት! ከበደ ስንት ነው አገሩ ላይ። ባክቴሪያም እንደዛው ነው። ላክቶባሲለስ የመጀመሪያው ስም ነው፣ ራምኖሰስ ወይም ፕላንታረም ወይም ሬውተሪ የሚለው ሁለተኛው ስም ነው፣ ዝርያው ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ የሚመጣው በፊደልና በቁጥር የሚጻፈው ስትሬን የሚሉት ነገር፣ በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለ የተለየ ዘር፣ የአያት ስም በሉት። ጥቅሙም ጉዳቱም ያለው እዛ ሦስተኛው ላይ ነው።

ማጋነን እንዳይመስላችሁ። ኢ ኮላይን ሁሉም ሰው ያውቃታል፣ ውሃ ተበከለ ሲባል የምትጠራው እሷ ናት። አልፍሬድ ኒስለ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1917 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) በአንደኛው የዓለም ጦርነት መሀል ጓደኞቹ ሁሉ በተቅማጥ ሲወድቁ እሱ ብቻ ምንም ካልሆነ ወታደር ሰገራ ላይ አንድ ኢ ኮላይ ለየ። ያቺ ባክቴሪያ ኢ ኮላይ ኒስለ 1917 ተብላ ጀርመን ውስጥ እስከ ዘመናችን ድረስ የሆድ መድኃኒት ሆና ስትሸጥ ኖራለች። ኦ157 ኤች7 የምትባለው ሌላዋ ኢ ኮላይ ደግሞ ደም ታስቀምጣለች፣ የሕፃን ኩላሊት ታጠፋለች። የሁለቱም ስም እስከ አባት አንድ ነው። "ሁሉም ያው ነው" የሚባለው ታዲያ እንዴት ነው?

የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅቱ ባለሙያዎች በ2002 ያወጡት መመሪያም ቢሆን ይሄንኑ ነው የሚለው፣ ጥቅሙ የሚነገረው በስትሬን ነው፣ ዕቃውም ላይ ሦስቱም ስም ይጻፍ ብለዋል። በጣም የታወቀው ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ ነው (ዘፋኟ ጂጂ አይደለችም)፣ ጎርባክና ጎልዲን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1980ዎቹ ከጤነኛ ሰው ሆድ የለዩት ነው፣ ጂጂ የስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ነው። በ2020 ሳይንቲስቶች ላክቶባሲለስ የሚለውን ወገን 25 ቦታ ሲበታትኑት የዚህኛውም የመጀመሪያ ስሙ ላክቲኬዚባሲለስ ሆኖ ተቀየረ፣ ጂጂ ግን አልተነካችም። ይህንን ጂጂን እንኳ ለሁሉም ነገር መድኃኒት ነው ብላችሁ እንዳትይዙት። በ2018 አሜሪካ ውስጥ ድንገተኛ ተቅማጥ የያዛቸው 971 ሕፃናት ላይ ተሞክሮ ከባዶ ዱቄት አልተሻለም። አንቲባዮቲክ የሚያመጣውን ተቅማጥ ለመከላከል ሲሆን ደግሞ የአውሮፓ የሕፃናት ሆድ ሐኪሞች ማኅበር ራሱ ይመክረዋል። አንድ ስትሬን፣ ሁለት በሽታ፣ ሁለት የተለያየ መልስ። እንግዲህ ስሙ ያልታወቀ ሲሆን ምን እንደምንል እንጃ። (ልጅ ሲያስቀምጠው መጀመሪያ ኦአርኤስና ዚንክ ነው፣ ይሄን ጽሑፋችሁ መጨረሻ ላይ በትንሽ ፊደል ጣል አድርጎታል፣ በትልቅ ፊደል ከላይ መሆን ነበረበት።)

ስሙ ቢጻፍስ እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን የሚል ይኖራል፣ ልክ ነው። በ2016 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ቢፊዶባክቴሪያ (ሌላ የፕሮባዮቲክ ባክቴሪያ) አለበት ተብሎ የሚሸጡ 16 ምርቶችን ገዝተው ቢፈትሹ ላዩ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው ሙሉ በሙሉ የገጠመው አንዱ ብቻ ነው። ከ16 አንድ! እዛ ቁጥጥሩ የጠበቀ ነው በሚባልበት አገር።

እሺ አሁን ስትሬን ከስትሬን ለመለየት ወደሚያግዘው ማሽን። ኢንፍራሬድ የሚለው ቃል ሰው ያስደነግጣል መሰለኝ፣ ጨረር ሲባል ራጅ ወይም ኒውክሌር የሚመስለው አለ። ያው ሙቀት ማለት እኮ ነው፣ ከሰል አጠገብ ስትቀመጡ ፊታችሁን የሚሞቃችሁ እሱ ነው። ሄርሼል የሚባለው የሰማይ ተመራማሪ በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ ቀለማቱ ላይ ቴርሞሜትር ሲያስቀምጥ ከቀዩ አልፎ ምንም በማይታይበት ቦታ ላይ የባሰ ሞቀ፣ በዚህ ነው የተገኘው። የእኛ ማሽን ኤፍቲአይአር ይባላል፣ ይህንን የማይታይ ብርሃን ሳምፕሉ ላይ ይልክና የትኛው ተውጦ እንደቀረ ያያል፣ ውጤቱም ተራራና ሸለቆ የሚመስል መስመር ነው፣ ስፔክትረም የምንለው።

የሚውጠው ለምንድነው? ክራር ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ ከጎኑ ሰው ሲዘፍን ሰምታችሁ ከሆነ ከድምፁ ጋር የገጠመችው ክር ብቻ ለራሷ ዝዝዝ ትላለች፣ ሌሎቹ ዝም። የሞለኪውል ማያያዣዎችም እንደዛ ናቸው፣ እያንዳንዱ የራሱ ቃና አለው፣ ከቃናው ጋር የገጠመውን ብርሃን ይውጣል ሌላውን ያሳልፋል። ባክቴሪያ ሙሉውን ስታስቀምጡለት ደግሞ ሁሉም አንድ ላይ ነው የሚያዜመው። ስቡ በሴንቲ ሜትር ከ2800 እስከ 3000 ሞገድ አካባቢ ነው፣ ፕሮቲኑ 1650 እና 1550 ላይ ሁለት ትልልቅ ጉብታ ያወጣል፣ ከ900 እስከ 1200 ያለው ደግሞ የስኳሩ ሰፈር ነው። ዘረመሉ ከተጻፈበት ከዲኤንኤውም ትንሽ ድምፅ ይገባበታል ግን ፊደሉን ማንበብ የሚባል ነገር የለም፣ የጽሑፋችሁ ስህተት እዚህ ጋ ነው።

የስኳሩ ሰፈር የዋዛ አይደለም። ባክቴሪያ ላይዋ ላይ የምትለብሰው የስኳር ካባ አለ፣ የአንድ ዝርያ ሁለት ስትሬኖች ውስጣቸው ተመሳስሎ ካባቸው ግን የተለያየ ሊሆን ይችላል፣ ኢንፍራሬዱ የሚይዛቸው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ክራሩ አንድ ሆኖ አንዱ በትዝታ ሌላው በባቲ ተቃኝቷል በሉት። የተለመደው፣ ከዘረመሉ አንድ ቁራጭ ብቻ የሚያነበው የ16ኤስ ምርመራ እስከ ዝርያው ድረስ ይወስዳችሁና እዛው ያቆማችኋል፣ ኬዚና ፓራኬዚ የሚባሉትን ተቀራራቢ ዝርያዎች ለመለየት እንኳ ይንተባተባል። ሙሉ ጂኖም፣ ማለትም ዘረመሉን በሙሉ፣ ማንበብ የመጨረሻው መልስ ነው፣ ግን የምርመራው ኬሚካል ከውጭ በዶላር ነው የሚመጣው፣ ለእያንዳንዷ ሳምፕል። የኛ ማሽን ግን የሚበላው አልኮል፣ ንጹህ ውሃና መብራት ነው። ሐሳቡም አዲስ አይደለም፣ በርሊን ሮበርት ኮህ ኢንስቲትዩት ውስጥ እነ ዲተር ናውማን በ1991 ኔቸር መጽሔት ላይ አውጥተውታል፣ ዛሬ ለዚሁ ብቻ ተብሎ የተሠራ 96 ሳምፕል በአንድ ሳህን የሚያነብ ማሽን ይሸጣል። እኛ ያ የለንም። ያለን የኬሚስትሪ ተማሪ ለመመረቂያ የሚሰለፍበት ተራው ኤፍቲአይአር ነው፣ እሱም ይሠራል፣ ትዕግሥት ካላችሁ።

ትዕግሥቱ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ከሳሼው ነገር በኋላ እልህ ይዞኝ ባዮሎጂ ክፍል ያለች ጓደኛዬን አስቸገርኳት። ዱቄቱን እሷ ኤምአርኤስ አጋር የሚባል የባክቴሪያ ምግብ ላይ ዘርታ ኢንኩቤተር፣ ማሞቂያው ሳጥን ውስጥ፣ አስገባች፣ የበቀሉትን ኮሎኒዎች፣ የባክቴሪያ ክምሮቹን፣ ነጣጠለቻቸው፣ ምክንያቱም የተደባለቀ ነገር ማሽኑ ላይ ብታደርጉ የሚወጣው የተደባለቀ ጫጫታ ነው። ከዛ ከአንዱ ኮሎኒ በሉፕ ቆንጠር አድርጎ ማጠብ ነው፣ ሴንትሪፊውጅ አዙሮ ውሃውን ደፍቶ እንደገና ማጠብ፣ ምግቡ ውስጥ ግሉኮስ ስላለ በደንብ ካልታጠበ የምታነቡት የባክቴሪያዋን ካባ ሳይሆን የቁርሷን ስኳር ነው። ከዛ ጠብታዋን ማሽኑ የሚያነብበት ክሪስታል ላይ አድርጎ እስክትደርቅ መጠበቅ። ውሃ 1640 ላይ ስለሚውጥ ፕሮቲኑን ይሸፍንባችኋል። ክረምት ላይ ደግሞ ማሽኑ ሆድ ውስጥ የምናስቀምጣት ሲሊካ ጄል ሰማያዊ መሆኗ ቀርቶ ሮዝ ሆና ትጠብቀናለች፣ እርጥበት ጠጣች ማለት ነው፣ አውጥተን ኦቭን ውስጥ አድርቀን መልሰን እንከታታለን፣ ሐምሌ ላይ ይሄ የዘወትር ሥራ ነው። እያንዳንዱን ሳምፕል ደጋግሞ ማንበብ፣ ከዛ ኮምፒውተሩ መስመሮቹን አመሳስሎ እንደ ዘር ሐረግ በቅርንጫፍ ይስላቸዋል።

ከዱቄቱ የለየናት አንዷ ኮሎኒ ሁለት ሳህን ላይ ነበረችን። ቅርንጫፉ ሲወጣ ሁለቱ ሳህኖች ለየብቻ፣ እዛና እዚህ። አቤት ደስታችን፣ "ሁለት ስትሬን አለበት!" ብለን ማኪያቶ ተጋበዝን። በማግስቱ ጓደኛዬ ደብተሯን ስታይ አንደኛው ሳህን የ24 ሰዓት ነው፣ ሁለተኛው ቅዳሜና እሁድን ጨምሮ ሦስት ቀን የተቀመጠ፣ በመሀልም መብራት ጠፍቶ ኢንኩቤተሩ ቀዝቅዞ ነበር። ያቺው አንድ ባክቴሪያ ናት፣ አርጅታና ተርባ ካባዋን ለውጣ ነው። እኩል ቀን፣ እኩል ሙቀት፣ እኩል ምግብ አድርገን ስንደግመው ሁለቱ አንድ ላይ ተለጠፉ። ማኪያቶው በከንቱ ሄደ።

ይሄን የምነግራችሁ ማሽኑን ለማጣጣል አይደለም፣ ጋዜጣ ላይ "ጨረሩ ለየው" ተብሎ ሲጻፍ ሰው ስልክ ካሜራ አነጣጥሮ ማንሳት ስለሚመስለው ነው። ሌላም አለ፣ ኢንፍራሬድ ከሚያውቀው ጋር ያስተያያል እንጂ ከባዶ ተነስቶ ስም አያወጣም። የማስተያያ መዝገባችን ውስጥ የጂጂ ስፔክትረም፣ ያውም በእኛው ምግብና በእኛው ሙቀት ያደገች፣ ከሌለን የሳሼዋ ባክቴሪያ ጂጂ ትሁን አትሁን ማለት አንችልም፣ "እነዚህ ሁለቱ ይለያያሉ" ከማለት አናልፍም። እኔም እስከዛሬ ልጄ የዋጠውን ነገር ሙሉ ስም አላውቅም፣ ይሄው ነው እውነቱ። ባክቴሪያዋ ሞታ ይሁን በሕይወት ትኑርም ማሽኑ አይነግራችሁም፣ የሞተችም ካባዋን ለብሳ ነው የምትሞተው። ፕሮባዮቲክ ደግሞ በትርጉሙ ሕያው መሆን አለበት። (በነገራችን ላይ እንጀራ ፕሮባዮቲክ ነው እያሉ ቲክቶክ ላይ የሚለጥፉ ሰዎች፣ እርሾው ውስጥ ያሉት ምጣዱ ላይ ያልቃሉ እኮ። እንጀራን ለሌላ ጥቅሙ እንብላው።)

እርጎን በተመለከተ የጻፋችሁትም ደስ ብሎኛል፣ አንድ ነገር ልጨምርበት። አማቴ ደብረ ብርሃን አካባቢ ናቸው፣ ቅላቸውን በወይራ አጥነው ወተቱን ይከቱና ራሱ ይረጋል፣ ማንም እርሾ አልጨመረበትም፣ ከቅሉ ከአየሩ ከወተቱ የመጣው ነው የሚያረጋው። ከጎረቤታቸው ጋር ላም አንድ ዓይነት፣ ሣር አንድ ዓይነት፣ እርጎው ግን አይገናኝም፣ የእሳቸው ወፍራምና ጎምዘዝ ያለ ነው። ቦረና ሂዱ ኢቲቱ የሚባል የረጋ ወተት አለ፣ ጉራጌ ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፣ ሻሜታውን ቦርዴውን ተዉት። ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊን የመሰሉ የአገራችን ማይክሮባዮሎጂስቶች እነዚህን ለዓመታት አጥንተው ጽፈዋል፣ ሠፈርተኛው ባክቴሪያ በዝርያ ደረጃ የማይታወቅ አይደለም። የሚቀረው የአያት ስም ነው። ከየቤቱ ቅል ለይቶ እነዚህ አንድ ናቸው እነዚያ ይለያያሉ ብሎ መደልደል ደግሞ ኢንፍራሬድ እጅግ የሚመችበት ሥራ ነው፣ ምክንያቱም ሁለት መቶ ኮሎኒ ጂኖሙን ለማንበብ ገንዘብ የለም፣ በኢንፍራሬድ ግን መንትዮቹን አውጥታችሁ የተለዩትን ጥቂቶች ብቻ ለጂኖም ትልካላችሁ። ከተማው ሁሉ በፈረንጅ እርሾ የረጋ የላስቲክ እርጎ እየለመደ ነው፣ ቅል የሚያጥን ሰው በየቤቱ እየቀነሰ ነው፣ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትም ረቂቅ ተሕዋስያንን የማሰባሰብና የመጠበቅ ሥራ አለው፣ ስለዚህ የት ይቀመጣል የሚባል ችግር አይደለም።

ይህን ስል የአማቴ እርጎ ፕሮባዮቲክ ነው ማለቴ አይደለም፣ ይቆጡኝ ይሆናል እንጂ። ጣፋጭ ነው፣ ሕያው ነው፣ ግን የትኛው ስትሬን ለምን በሽታ እንደሚጠቅም ማንም ሰው ላይ ሞክሮ አላሳየም። ደግሞ ካልተፈላ ወተት የሚመጣ ብሩሴሎሲስ የሚባል የበሽታ ጣጣ አለ፣ መርጋቱ ብቻ አያጠፋውም፣ ሕፃንና ነፍሰ ጡር ላለበት ቤት ይሄ ቢነገር ጥሩ ነው።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። "ዘረመል ማንበብ" የምትለዋን አርሟት። በሚቀጥለው ስለ ፕሮባዮቲክ ስትጽፉ አንባቢ ፋርማሲ ሄዶ ሦስቱንም ስም እንዲጠይቅ ንገሩት፣ ሦስተኛው ስም የሌለበትን ፓኬት ፋርማሲስቱ ፊት መልሶ ቢያስቀምጠው አስመጪውም አንድ ቀን ይሰማል። ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም ሲመዘግብ ከነአያቱ ብሎ ቢጠይቅ፣ አንድ መስመር ፎርም ላይ መጨመር ነው። ማሽኖቹን በተመለከተ፣ በየዩኒቨርሲቲው ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ግማሽ ቀን ጨርቅ ተሸፍነው የሚውሉ ኤፍቲአይአሮች እንዳሉ አውቃለሁ፣ የኛውም አንዱ ነው። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ኮሪደር ተሻግረው ቢነጋገሩ መዝገቡን መጀመር ይቻላል፣ እኔና ጓደኛዬ የጀመርነው በማኪያቶ ነው።

ጽሑፉን ያዘጋጀችው ልጅ ማሽኑን ማየት ከፈለገች በደስታ አሳያታለሁ፣ ስልኬ ዝግጅት ክፍሉ ጋ አለ። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ብትመጣ ጥሩ ነው። ሰኞ አይሆንም፣ ሰኞ ሲሊካ ጄሏን የማደርቅበት ቀን ነው።

አክባሪያችሁ፣
የላብ ቴክኒሻን፣ ከአዲስ አበባ